ከ«እርስዎ» እስከ «አንተ»፦ ስለ ድንገተኛ ትውውቅና ስለ ቀላል የፍቅር ተረክ



የመረጥሁት ርእስ በአዳራሻችን ብዙ ጊዜ የሚነሣ አይደለም፦ በሁለት ወንዶች መካከል ከአጋጣሚ ትውውቅ የሚበቅል፣ ሳቅ ያለበት፣ ማንም የማይሞትበት የፍቅር ታሪክ። የምናገረው እንደ ሥነ ጽሑፍ መምህር ነው። የአገራችን ሕግ ስለ ጉዳዩ የሚለውን አውቃለሁ፤ ኋላም እመጣበታለሁ። ጥያቄዬ ግን የተረክ ጥያቄ ነው፦ እንዲህ ያለውን ታሪክ በአማርኛ መጻፍ ለምን ይከብዳል?

በቅድሚያ ስለ ድንገተኛ ትውውቅ። ደራሲ ሁለት ባይተዋሮችን ለማፋቀር ሦስት ነገሮች ይበቁታል፦ ጎን ለጎን የሚያስቀምጣቸው ጠባብ ስፍራ፣ ለወሬ መነሻ የሚሆን ተራ ሰበብ፣ ቶሎ የሚያልቅ ጊዜ። ለዚህ ከአዳማ የተሻለ ከተማ አላውቅም። አዳማ የመንገድ ልጅ ናት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር በዚሁ አልፏል፤ ኋላም የፍጥነት መንገዱ ለተሽከርካሪ ተከፈተ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የባቡር መስመር ተመረቀ። ሞጆ ላይ መንገዱ ተገንጥሎ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ወደ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ ይወርዳል። በዚህ መስመር የሚኖር ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ መጓዝ የዕለት ኑሮው ነው። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲል ከደራሲው ሥራ ግማሹን ሠርቶለታል።

የእኛ ልብ ወለድ ግን ብዙ ጊዜ ለፍቅር ያዘጋጀው መንገድ ከዚህ የከበደ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ፍጻሜያቸው ምን እንደሆነ የ1958ቱ መጽሐፍ በርእሱ ላይ ነግሮናል። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ም ፍቅርን ከጦርነት ጋር አስተሳስሮ ለሞት ይሰጠዋል። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ግን፣ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የምንለው፣ መጨረሻው ሰርግ ነው። ጀግናዋም የወንድ ልብስ ለብሳ የምትጓዝ ልጃገረድ ናት። ስለዚህ መንገደኛ፣ የተደበቀ ማንነትና ደስ የሚል ፍጻሜ ለሥነ ጽሑፋችን ባዕድ አይደሉም፤ በር ከፋቹ ሥራ ውስጥ አሉ።

በየዓመቱ ለፈጠራ ጽሑፍ ተማሪዎቼ የምሰጠውን መልመጃ አሁን አብረን እንሥራው። ሁለት ሰዎች ከአዳማ ወደ ሻሸመኔ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ባቱ ላይ አንደኛው ፓፓያ ይገዛል፤ ቢላ ግን የለውም። ሌላው ትንሽ ሰንጢ ከኪሱ ያወጣል። ወንድና ሴት ቢሆኑ አንባቢው ወዲያው ፈገግ ይላል። ጥርጣሬው ጣፋጭ ነው፦ ስልኩን ይጠይቃት ይሆን? ትሰጠው ይሆን? ሁለቱም ወንዶች ሲሆኑ ግን ፓፓያው ያው፣ ሰንጢው ያው፣ መንገዱም ያው ሆኖ ሳለ ጥያቄው ይለወጣል፦ ከኋላ ወንበር ማን እያያቸው ነው? አንዲት ቃል ሳንጨምር አስቂኙ ታሪክ የስጋት ታሪክ ሆነ። የክብደቱ ምንጭ ከሁለቱ ሰዎች ውጭ መሆኑን ይህ ትንሽ ሙከራ ያሳየናል።

ቋንቋችንም በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው። አማርኛ በሁለተኛ መደብ ነጠላ ጾታን አይደብቅም፤ «ትወዳለህ» እና «ትወጃለሽ» ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚነገረውን ሰው ጾታ ያጋልጣሉ። በአክብሮት ስንናገር ግን ጾታው ይጠፋል። «እርስዎ ይወዳሉ» ሲባል የተጠየቀው ወንድ ይሁን ሴት ቃሉ አይናገርም። ባይተዋሮቹ ተሳፋሪዎች ደግሞ መጀመሪያ የሚነጋገሩት በ«እርስዎ» ነው። «ሰንጢ ይፈልጋሉ?» «እግዜር ይስጥልኝ፤ ይቅመሱልኝ እንጂ።» ከዚያም አርሲ ነገሌ ሳይደርሱ አንዱ ሳያስበው «አንተ» ይላል፤ ሌላው ይሰማል፤ አያርመውም። የፍቅር ታሪኩ በሙሉ በዚያች ባልታረመች ቃል ውስጥ ሊገባ ይችላል። እናቶቻችን ወንድ ልጃቸውን ሲያቆላምጡ «አንቺ» የሚሉበት ቋንቋ ለእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ ድሃ አይደለም።

ልማዳችንም እንደዚሁ። በከተማችን ጎዳና ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ፣ ሲጎራረሱ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው ሲሰነባበቱ ማንም ዘወር ብሎ አያያቸውም። ይህ ወዳጅነት ነው፤ አብዛኛውንም ጊዜ ከዚያ ያለፈ ትርጉም የለውም። ለደራሲ ግን የሳቅ ምንጭ ነው፦ ተፋቃሪዎቹ የልባቸውን ሁሉ በአደባባይ እያደረጉት ማንም አላወቀባቸውም፤ ምናልባት እነሱ ራሳቸውም ገና አላወቁም።

አሁን ወደ ሕጉ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 600 ድርጊቱን ይከለክል ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 በእስራት ያስቀጣል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ ድርጊቱ ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መሰል ቤቶች ላይ እርምጃ እንደሚወስድ አስታወቀ። እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ ሆቴል፣ መጠጥ ቤትና ምግብ ቤት ባይተዋሮች የሚተዋወቁባቸው፣ ቅድም ደራሲው ይፈልጋቸዋል ያልኋቸው ጠባብ ስፍራዎች ናቸው። የሚጠበቡት ሰዎች የድንገተኛ ትውውቅን ስፍራ ያጣሉ፤ ከእሱም ጋር የቀላል ፍቅርን ዕድል።

ሕጉ የሚጠቀምበት «ግብረ ሰዶም» የተሰኘው ቃል የጠፋች ከተማ እሳት ይዞ ይመጣል። በዚህ ቃል የሚጀምር ገጽ ወደ ቀልድ ሊያመራ አይችልም። በጥናቶችና በጋዜጣ ዘገባዎች ታትሞ እንደሚገኘው ግን ሰዎቹ እርስ በርሳቸው የሚጠሩበት ሌላ ቃል አለ፦ «ዜጋ»። ይህ ቃል ለእኔ እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው ያስቀኛል፤ ሳቄንም ያቆመዋል። በመንገድ ጮክ ብለው ቢናገሩት ማንም የማይጠረጥረው፣ ትርጉሙም ሕግ ለእያንዳንዳችን የሚሰጠን ስም ነው። ስለ ራሱ እንዲህ መቀለድ የሚችል ሰው የቀላል ታሪክ ባለቤት የመሆን ችሎታ አያንሰውም።

ሌሎች አገሮችስ? እንግሊዛዊው ኢ. ኤም. ፎርስተር «ሞሪስ» የተሰኘውን ልብ ወለዱን እ.ኤ.አ. በ1913 እና 1914 ጻፈው፤ ሁለቱ ወንዶች በመጨረሻ አብረው እንዲኖሩ ወሰነ፤ መጽሐፉም ደራሲው ከሞተ በኋላ፣ በ1971 ታተመ። አሜሪካዊቷ ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ በ1952 በብዕር ስም ባሳተመችው ልብ ወለድ ፍቅሩ በአንድ መደብር የአሻንጉሊት ክፍል ውስጥ ሻጭና ገዢ ሴቶች ሲተያዩ ይጀምራል፤ ፍጻሜውም ተስፋ ነው። ወደ አካባቢያችን ስንመጣ፣ ኡጋንዳዊቷ ሞኒካ አራክ ደ ንዬኮ በ2007 የኬይን ሽልማትን ያገኘችው በሁለት ልጃገረዶች ፍቅር ታሪክ ነው። ኬንያዊቷ ዋኑሪ ካሂዩ ከዚያ ተነሥታ «ራፊኪ» የተባለውን ፊልም ሠራች፤ በ2018 ካን ላይ ታየ፤ በአገሯ ግን ታገደ። ዳይሬክተሯ እንደተናገረችው ተቆጣጣሪዎቹን ካስቸገሯቸው ነገሮች ዋናው መጨረሻው ተስፋ ያለው መሆኑ ነበር። የተጸጸቱ፣ የተቀጡ ወይም የሞቱ ተፋቃሪዎችን ሳንሱር ሊታገሣቸው ይችላል፤ ደስ ያላቸውን ግን አይችልም። ለዚህ ነው ቀላል የሚባለው ተረክ ከመከራው ተረክ ይልቅ ድፍረት የሚጠይቀው።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ሁሉ ስለ ጉዳዩ አንድ ዓይነት አቋም እንደማይኖራችሁ አውቃለሁ፤ የሃይማኖት አባቶችን ትምህርት የምትከተሉ አላችሁ፤ አከብራችኋለሁ። የምጠይቀው የአንባቢነት ፍትሕ ነው። አንድ ወጣት ስለ ራሱ በአማርኛ ማንበብ ቢፈልግ የሚያገኘው የክስ መዝገብ ወይም ተግሣጽ ብቻ ከሆነ፣ ሕይወቱን ከመጥፎ ፍጻሜ ውጭ ሊያስባት የሚችልበት ዓረፍተ ነገር አልሰጠነውም። ይህ የመጻሕፍት መደርደሪያ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ስለ ነገ የሚያስበው ባነበበው ልክ ነው።

ለሚጽፉ ተማሪዎቼ አንድ ሙያዊ ምክር ልስጥ። ስጋቱን ከታሪኩ አታውጡት፤ ሐሰት ይሆናል። ነገር ግን መሪውን አትስጡት። ረዳቱ ከኋላ ይመልከት፤ ታሪኩ ግን ፓፓያው እኩል ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም በሚለው ላይ ይቆይ። ሻሸመኔ መናኸሪያ ሲወርዱ ለቡናው ማን ይክፈል በሚል ይከራከሩ፤ እንደ ባህላችን አጥብቀው፣ ኪስ ለኪስ እየተያያዙ።

ጥያቄዎቻችሁን፣ የማትስማሙባቸውንም ጭምር፣ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።