የፈላ ውሃና የሻይ ገንዘብ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)

 

በመርሐ ግብሩ ላይ የዛሬው ንግግር ርእስ «ጤናና ቁጠባ» ተብሎ ተጽፏል። ርእሱን አልቀየርነውም። ነገር ግን ስለ ጤና ያስተማርነውን አንድ ስሕተት፣ በገንዘብ መዝገባችን ላይ የጻፍነውን አንድ ውሸት ሳንነግራችሁ ብናልፍ የቡና ላይ ጨዋታ እንጂ ሪፖርት አይሆንም። ስለዚህ ከሁለቱ እንጀምራለን።

መጀመሪያ ስለ ውሃው። ማኅበራችን ከተቋቋመ ጀምሮ በየወሩ የጤና ትምህርታችን «ውሃ አፍልታችሁ አጠጡ» ስንል ኖረናል። ማፍላት የተቅማጥን፣ የታይፎይድንና የኮሌራን ተሕዋስያን ይገድላል። ዛሬም አፍሉ እንላለን። ነገር ግን የጉድጓድ ውሃ ለሚጠጡት የገጠር አባሎቻችን ጨምረን «የፈላ ውሃ ከሁሉም ነገር ነጻ ነው» ብለናል። ይህ ስሕተት ነበር።

ስሕተቱን ያሳየችን አንዲት እናት ናት። ባለፈው ዓመት ከስብሰባ በኋላ ልጇን ይዛ ቀረበች። ልጁ አሥር ዓመቱ ነው፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። የፊት ጥርሶቹ ቡናማ ሆነው ተሸራርፈዋል። «አፍዪ አላችሁኝ፤ ለወጥ ከምገዛው ከሰል ቀንሼ አፈላሁ። ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» አለችን። ከመካከላችን አንዷ «ሸንኮራ ስለሚያበዛ ይሆናል» አለች። ሌላዋ «በደንብ ስለማይፍቅ ነው» አለች። እናትየዋ ዝም ብላ ሰማችንና ልጇን ይዛ ሄደች። ያን ቀን ኮሚቴው ቡናውን ሳይጨርስ ተበተነ።

ከዚያ በኋላ የጤና ባለሙያዎችን ጠየቅን። የነገሩን ይህ ነው። የምንኖርበት ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ከመሬት በታች ያለው ውሃ በእነዚያ ድንጋዮች መካከል ሲያልፍ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ይዞ ይወጣል። ፍሎራይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ጣዕሙም አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው ከፍተኛ መጠን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆአችን ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። ልጅ ቋሚ ጥርሱ በድዱ ውስጥ እየተሠራ ባለበት እስከ ስምንት ዓመቱ ድረስ ይህን ውሃ ከጠጣ ጥርሱ ከውስጥ ተበላሽቶ ይበቅላል። በመፋቂያም በሳሙናም አይለቅም። ከፍተኛ መጠን ያለውን ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሰው ደግሞ አጥንቱ ይጎዳል፤ ወገቡና አንገቱ ይደርቃል።

ውሃ ሲፈላ በእንፋሎት የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፤ ፍሎራይዱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ውሃው በቀነሰ ቁጥር የቀረው ይወፍራል። ስለዚህ ያቺ እናት ከሰሏን አቃጥላ፣ ጊዜዋን ጨርሳ፣ ለልጇ የሰጠችው ውሃ ከጉድጓዱ ውሃ በምንም አይሻልም፤ ምናልባትም ይብስ ነበር። ያስተማርናት እኛ ነን።

ይህ ነገር ለአካባቢያችን አዲስ አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ኤች ቪ ኤ በተባለው የሆላንድ ኩባንያ ሥራ ጀመረ። ከየአገሩ ለሥራ የመጡ ሰዎች በካምፑ ሰፍረው የጉድጓድ ውሃ ጠጡ። ከዓመታት በኋላ አንዳንዶቹ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማሰር፣ ሰው ሲጠራቸው ዞር ማለት አቃታቸው። ሐኪሞች የበሽታውን ምክንያት ከፍሎራይድ ጋር አገናኝተው ጻፉ፤ እነ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በስምጥ ሸለቆው ሁሉ ለዓመታት አጠኑት። ጥናቱ በመጽሔት ላይ ወጣ፤ እኛ ሰፈር ግን «ብርድ ነው»፣ «የሸንኮራ ሸክም ነው» እየተባለ ቀጠለ። እውቀቱ ከእኛ አጥር ማዶ ነበር፤ አጥሩን የሚያሻግረው አልተገኘም።

ውሃ ሀብታምና ድኃ አይለይም ይባል ይሆናል። ይለያል። ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣውን የአዳማን የቧንቧ ውሃ በግቢው ያስገባ ሰው ስለ ፍሎራይድ ሳያስብ ይኖራል። ቧንቧው ሲጠፋበትም «ሃይላንድ» ይገዛል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሰው ግን ከጉድጓድ የተቀዳ ጀሪካን በአህያ ጋሪ ያስመጣል፤ ለአንድ ጀሪካንም የቧንቧ ደንበኛው ከሚከፍለው በላይ ይከፍላል። ወተትና እንቁላል የሚያገኝ ልጅ ጉዳቱን ይቋቋማል፤ በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ላይ ግን ይበረታል። ድኃው ለከፋው ውሃ የበለጠ ይከፍላል፤ በጥርሱም ይከፍላል።

እንግዲህ ትክክለኛውን ዛሬ በግልጽ እንናገር። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፣ ፍሎራይድን አያወጣም። «ውሃ አጋር»ም እንዲሁ ነው፤ ክሎሪን ነውና ለተሕዋስያን ነው። በነጠላ ማጥለል ደለሉን ብቻ ያስቀራል። የሚረዳው፣ ከተቻለ ሌላ ምንጭ መጠቀም ነው፤ በክረምት ከንጹሕ ቆርቆሮ ጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ በጣም ትንሽ ነው። ትንሽ ንጹሕ ውሃ ብቻ ካገኛችሁ ለሕፃናት መጠጥና ምግብ አድርጉት፤ ልብስ በጉድጓዱ ውሃ ይታጠብ። የከብት አጥንት በልዩ ምድጃ ተቃጥሎ ከሰል ሲሆን ፍሎራይድን ይይዛል፤ በዚህ የሚሠራ ማጣሪያ አለ። አጥንቱ ግን ይሞላል፤ በጊዜው ካልተቀየረ ማጣሪያው ዝም ብሎ ባልዲ ነው። «አጥንት ነውና ለጾመኛ ይሆናል ወይ? ለሙስሊሟስ?» ብላችሁ የጠየቃችሁ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከየሃይማኖት አባቶቻችሁ ጋር ተማከሩ። በሹክሹክታ ብቻ አታስቀሩት።

ሹክሹክታን ካነሳን አይቀር፣ ሌላ ነገር እንናገር። በ2011 ዓ.ም. አገራችን የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለውን ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀመረች። ይህ ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚመጣ ነው። በየቡናው ላይ ግን «ልጅ እንዳይወልዱ የሚያደርግ ነው» ተባለ። ከአባሎቻችን መካከል ልጇን በክትባቱ ቀን ከትምህርት ቤት ያስቀረች አለች፤ እኛም አውቀን ዝም ብለናል። ክትባቱ መካን አያደርግም። ካንሰሩ ግን ማኅፀንም ሕይወትም ይወስዳል።

ወሬው ለምን እንደሚታመን ስናስብ መልሱ «ሴቶቻችን አልተማሩም» የሚል መሰለን። ከዚያ ግን አንድ ነገር አስታወስን። ከአባሎቻችን መንደር በአንዱ የጉድጓዱ ውሃ ተመርምሮ «ንጹሕ ነው» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጠፈ። ሴቶቹ አነበቡና «ማኅተሙም ተገዝቶ ይሆናል» ብለው ሄዱ። ወረቀቱ አልተገዛም፤ ግን የተመረመረው ለተሕዋስያን ብቻ ነበር። ስለ ፍሎራይድ የሚናገረው ነገር አልነበረም። ሴቶቹ ወረቀቱን የተጠራጠሩበት ምክንያት ትክክል አልነበረም፤ ጥርጣሬው ግን ከምንም አልመጣም። መታወቂያ ለማውጣት፣ ካርታ ለማግኘት «ለሻይ» የከፈለ ሰው፣ ማኅተም እንዴት እንደሚመታ በዓይኑ አይቷል። ማኅተም የሚሸጥ መሆኑን ያየ ሰው ያልተሸጠውንም አያምንም። ጉቦ ገንዘባችንን ብቻ አይደለም የሚወስደው፤ እውነተኛ ወረቀት ሲመጣ የምናምንበትን ልብም ይወስዳል። ባዶ የቀረውን ቦታ ወሬ ይሞላዋል።

ይህ በድኃ አገር ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ፍሊንት የምትባል ከተማ አለች፤ አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር፣ ብዙው ድኃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ፣ በግዛቱ በተሾመ አስተዳዳሪ ሥር፣ የከተማዋ ውሃ ከዲትሮይት መስመር ወደ ፍሊንት ወንዝ ተዛወረ። ቧንቧው እንዳይበላ የሚጨመረው መድኃኒት አልተጨመረም። እርሳስ ከቧንቧው እየተፋቀ ወደ ውሃው ገባ። እናቶች ቡናማ ውሃ በጠርሙስ ይዘው ወደ ስብሰባ ሄዱ። ባለሥልጣናቱ «ውሃው ደኅና ነው» አሉ። በዚያው ዓመት ጄኔራል ሞተርስ የመኪና ዕቃዬን ያዝግብኛል ብሎ ውሃውን ሲተው ሌላ ውሃ ተሰጠው። ብረቱ ተሰማ፤ ልጆቹ አልተሰሙም። ሊአን ዋልተርስ የምትባል እናት ውሃዋን አስመርምራ አልለቅም አለች። ሐኪሟ ሞና ሐና-አቲሻ የሕፃናቱን ደም መርምራ በ2015 መስከረም ለሕዝብ ተናገረች፤ መጀመሪያ አጣጣሏት፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከተማዋ ወደ ቀድሞው ውሃ ተመለሰች። በዚያ የሐሰት ወሬውን ያወራው የመንደር ሰው አልነበረም፤ መሥሪያ ቤቱ ነበር። ያሸነፈውም እናት የያዘችው የምርመራ ወረቀት ነው።

አሁን ወደ መዝገባችን። እዚህ ላይ በተለይ ደጋፊዎቻችን አድምጡን። የቦኖ መስመር ወደ አንዱ መንደራችን እንዲዘረጋ ያመለከትንበት ደብዳቤ ወራት ሙሉ አልተንቀሳቀሰም። አንድ ሰው «ለሻይ ካላችሁ ይሄዳል» አለን። ተመካከርን። ልጆቹን አሰብን፤ ምርጫ የለንም አልን። በሦስት ጊዜ 4,500 ብር ሰጠን። በመዝገቡ ላይ «መጓጓዣ» ብለን ጻፍን። ደብዳቤው ተንቀሳቀሰ፤ ቦኖው ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ገንዘቡም ከሄደ በኋላ ደረሰኝ የለንምና የምንጠይቀው ሰው የለንም። በሕጋችን ጉቦ የተቀበለ ብቻ ሳይሆን የሰጠም ይጠየቃል። እኛ ሰጪዎች ነን።

«ለደግ ነገር ነው» ብለን ነበር። ግን እኛ ከፍለን ስንቀድም ያልከፈለችው መንደር ወደ ኋላ ትገፋለች፤ እዚያም ጥርሱ የሚበላሽ ልጅ አለ። ደግሞም በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ወር የሆነውን አንርሳ። የእርዳታ እህል ከተራቡት እጅ እየወጣ መሸጡ ሲታወቅ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታቸውን ለወራት አቆሙ። የሰረቀው ሰው አልተራበም። እራት ያጣችው የተመዘገበችው እናት ናት። ሌላው ሲሰርቅ የሚቀጣው ድኃ መሆኑን ያየን ሰዎች፣ የእኛ ትንሿ «መጓጓዣ» አንድ ቀን ለመበለቶቹ የሚመጣውን ድጋፍ ልታስቆም እንደምትችል ማሰብ ነበረብን። አባቶች «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ በሹም ይቀልዱ ነበር። እኛም ሰው ሲያበላ አየን ብለን አበላን።

ያደረግነውን እንናገር። መዝገቡ ተስተካክሏል፤ «መጓጓዣ» የሚለው ተሰርዞ እውነተኛው ተጽፏል፤ የተሰረዘውም እንዲታይ ተትቷል። 4,500 ብሩን የኮሚቴው አባላት ከኪሳችን መልሰናል። ለደጋፊዎቻችን ይህ ንግግር ከመቅረቡ በፊት በደብዳቤ አሳውቀናል። ልጇን ይዛ ወደ መጣችው እናትም ቤት ሄደናል። ይቅርታ ስንጠይቃት «ይቅርታው ይቆይ፤ ታናሽየዋ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ምን ላጠጣት?» አለችን። የዛሬው ጉባኤ ለእርሷ መልስ መስጠት አለበት።

ስለዚህ ሦስት ውሳኔ እንጠይቃችኋለን። አንደኛ፣ አባሎቻችን የሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ሁሉ በማኅበሩ ወጪ ለተሕዋስያንም ለፍሎራይድም ይመርመር፤ ውጤቱ፣ ምን እንደተመረመረና ምን እንዳልተመረመረ ጭምር፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ በየመንደሩ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ማጣሪያ ከተገዛ የአጥንቱ መቀየሪያ ገንዘብ አብሮ ይያዝ፤ መጀመሪያ የሚያገኙትም ከስምንት ዓመት በታች ልጅ ያላቸው ቤቶች ይሁኑ፤ የኮሚቴ ዘመድ የመጨረሻ ይሁን። ሦስተኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ አይከፈል። ጉዳያችን ቢዘገይ አንዲት ሴት ብቻዋን አትላክ፤ አሥር ሆነን እንሂድ፣ የሄድንበትን ቀንና ያነጋገርነውን ሰው እንጻፍ፣ ካልሆነም ወደ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክፍል በጽሑፍ እንክሰስ። አንዲቷን «ለሻይ» ማለት ይቀላል፤ አሥር ሴት በር ላይ ቆማ «በጽሑፍ ስጡን» ስትል ይከብዳል።

አንዳንዶቻችሁ «በዚህ መንገድ ቦኖው ከቶ አይመጣም» ትሉ ይሆናል። ሊዘገይ ይችላል። ከፍለንም አልመጣም።

ኮሚቴውን ለማውረድ የምትፈልጉ ካላችሁ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ተናገሩ፤ መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፣ ማንም አባል መጥታ ታገላብጠው። ከጉባኤው በኋላ ቡና ይፈላል። ውሃው ከከተማው ቧንቧ የተቀዳ ነው።