የጠመንጃ ቱቦ አያያዝና የማጥበቂያ ኃይል መንገድ



አንድ ዳዶ በቁልፍ ሲጠብቅ ሠራተኛው የሚመለከተው ቁልፉን ነው፤ የሚሰጠው ኃይል ግን በዕቃው ውስጥ አልፎ እስከ ሞርሳው ድረስ ይጓዛል። ጥፋት የሚደርሰውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ጉዞ መካከል በሚገኘው ደካማ ክፍል ላይ ነው። ለዚህም የኤም 16 ጠመንጃ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

በዚህ ጠመንጃ የብረቱ ቱቦ ከአሉሚኒየም ከተሠራው የላይኛው አካል ጋር የሚጋጠመው በአንድ ትልቅ ዳዶ ሲሆን፣ ቱቦው አቅጣጫውን ሳይስት እንዲቀመጥ የሚያደርገው በአካሉ ጠርዝ ላይ በተቀረጸ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ፒን ነው። ሠራተኛው አካሉን በሞርሳ አስሮ በአፈሙዙ ጫፍ ያለውን የነበልባል መሰወሪያ በ27 ኒውተን ሜትር ቢያጠብቅ፣ ኃይሉ ቱቦውን ተከትሎ ወደ መጋጠሚያው ይመጣል። ዳዶው ጨምቆ የሚይዘው ሰበቃ ለጊዜው ወደ ጎን ቢተው፣ ፒኑ ከቱቦው እምብርት 12.7 ሚሊሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ስንጥቁን የሚገፋው ከ2,000 ኒውተን በላይ፣ ማለትም ከሁለት ኩንታል ክብደት የማያንስ ይሆናል። በዝገት የተጣበቀውን ለመፍታትማ ከዚህም የበለጠ ይጠየቃል።

ስንጥቁ በጥቂቱ ሲሰፋ ዐይን አያየውም። ነገር ግን የፊተኛው ማነጣጠሪያ በቱቦው ላይ፣ የኋለኛው በአካሉ ላይ የተተከሉ ስለሆኑ ሁለቱ መስመር ይስታሉ፤ ተኳሹም ጥፋቱን በገዛ እጁ ላይ ሲፈልግ ይኖራል። ስለዚህ ለአፈሙዝ ሥራ መያዝ ያለበት ቱቦው ራሱ ነው፤ ያውም ለሥራው ቅርብ በሆነ ቦታ።

የትልቁ ዳዶ ጉዳይ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት ቀላል አይደለም። ልኩ ከ41 እስከ 108 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህን ያህል የሰፋውም የጋዙ ቧንቧ የሚያልፍበት የዳዶው ጥርስ መስመሩን እስኪይዝ ድረስ ማጥበቅ ስለሚያስፈልግ ነው። ከሚሰጠው ኃይል ከፊሉ በብሎኑ ጥርስ ሰበቃ ወደ አካሉ፣ ከፊሉም በዳዶው ከንፈር በኩል ወደ ቱቦው ይሄዳል። እንግዲህ ቱቦው ቢያዝም፣ አካሉ ቢያዝም፣ አንደኛው ድርሻ በመጋጠሚያው ማለፉ አይቀርም። ውድ መያዣ ገዝቶ ፒኑ ፈጽሞ ዳነ ማለት ራስን ማታለል ነው። የሚረዳው ጥርሱን በሞሊብዲነም ቅባት መቀባት፣ ጥቂት ጊዜ አጥብቆ መፍታት፣ ኃይሉንም ሳይነቀንቁ በዝግታ መስጠት ነው።

ቱቦው እንዳይንሸራተት በሚል ሞርሳውን ያለ ልክ ማጥበቅም ሌላ ጥፋት ነው፤ ቀጭን ቱቦ ክብነቱን ሊያጣ ይችላል። የሚሻለው ቱቦውን በልኩ የሚያቅፍ የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም መያዣ በመንጋጋው መካከል ማስገባትና የጥድ ሙጫ ዱቄት መነስነስ ነው። ሰበቃው በእጥፍ ሲያድግ የሚያስፈልገው ጭምቀት በግማሽ ይቀንሳል። ቱቦውም መያዣውም አስቀድመው ከዘይት መጽዳት አለባቸው፤ ዘይት ባለበት ሙጫው አይዝም።