ከብት ከማሳና ከጓሮ እንዳይገባ፤ አጥር ብቻውን ለምን አይበቃም?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ምክንያት በአንበሳሜ ለተሰበሰቡ አባላትና እንግዶች የተዘጋጀ ንግግር)



በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ ገበያ መነገሩ የተለመደ ነው። የዛሬው ርእስ ከዚያ ዝቅ ያለ ይመስላል፤ የጎረቤት ላም፣ የጎረቤት ፍየልና የጎረቤት ዶሮ ነው። ሆኖም በጥር ወር ሌሊት ሽንኩርቱን ሲያጠጣ አድሮ፣ ቁርስ በልቶ ሲመለስ መደቡ ሁሉ ተረግጦ ያገኘ አባል ጉዳዩን ቀላል አይለውም። የዘሩ፣ የማዳበሪያውና የፓምፑ ነዳጅ ወጪ በአንድ ማለዳ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ስድብ፣ ሲብስም ዱላ ነው። በከብት ምክንያት የተጀመረ ጠብ ደም እስከ ማፋሰስ እንደሚደርስ እዚህ ለተቀመጡት ሽማግሌዎች መንገር አያስፈልግም።

በደራም ሆነ በፎገራ ሜዳ ልማዱ የታወቀ ነው። ከክረምቱ መግቢያ እስከ አጨዳ ድረስ ማሳው ላይ ሰብል ስላለ ጥበቃው የባለ ከብቱ ነው። እረኛ ይመድባል፣ ያስራል፣ ሜዳው በውሃ ሲዋጥ ደግሞ ከብቱን ወደ ከፍታው ይወስዳል። ሰብሉ ከተነሣ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። የታጨደው ማሳ የሁሉም ይሆናል፤ የቀረውን አገዳና ገለባ የማንም ከብት ይበላዋል። በእነዚያ ወራት ተክል ያለው ሰው አጥሮ ይጠብቅ፣ ካልጠበቀ የራሱ ጉዳይ ነው ይባላል። ይህ ልማድ የስንፍና ልማድ አልነበረም። መሬቱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ በሚታረስበት ዘመን ከብቱ ገለባውን በልቶ ፋንድያውን ይተዋል፣ መሬት የሌለውም ሰው ላሙን በበጋ ያቆይ ነበር።

ያንን ልማድ ያናጋው ክፉ ጎረቤት ሳይሆን የሰብሉ መለወጥ ነው። በ1970ዎቹ በደራ ወረዳ በጅግና፣ በፎገራ ወረዳ ደግሞ በሻጋ በነበሩት የኅብረት ሥራ ማኅበራት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ተዘራ። ዛሬም ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ቀድሞ ውሃ ተኝቶበት ለግጦሽ ብቻ ይውል የነበረው ረግረግ ታረሰ። ሩዙ ገና ሳይታጨድ ጓያ ይዘራበታል፤ ጓያው እስከ የካቲትና መጋቢት ማሳ ላይ ይቆያል። ከጉማራና ከርብ ውሃ መሳብ የቻለው ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ይተክላል። እንግዲህ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባዶ የነበረው ማሳ ዛሬ የዓመቱ ውዱ ሰብል ያለበት ሆኗል። እርሻው ወራቱን ለወጠ፤ የጥበቃው ልማድ ግን በድሮው ወራት ላይ ቀረ። ባለ ሽንኩርቱ «ከብትህ አጠፋኝ» ሲል ባለ ከብቱ «ልቅ በሆነበት ወር ማን ትከል አለህ?» ይላል። ሁለቱም እውነት የያዙ ይመስላቸዋል፤ ጠቡም ቶሎ የማይበርደው ለዚህ ነው።

ሕጉ ግን ወራት አይለይም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንደደነገገው እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው። እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦት ቢሆንም ከኃላፊነት አይድንም። ባለ ማሳውም በይዞታው ገብቶ ያጠፋበትን ከብት ይዞ ለካሳው መያዣ እንዲያደርገው ቁጥር 2075 ይፈቅዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። መያዣ ማድረግ ማለት በንዴት መቀጥቀጥ ወይም ያለ ውሃ ማሳደር ማለት አይደለም፤ ለባለቤቱም ሳይውል ሳያድር መነገር አለበት። የታገተች ላም እግሯ ከተሰበረ የተበደለው ሰው በማግሥቱ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ በተሠራበት መሬት ላይ ልቅ ግጦሽ እንዲከለከልና አጭዶ መመገብ ደረጃ በደረጃ እንዲተካ ይል ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። ቢሆንም «ደረጃ በደረጃ» የምትለዋ ቃል ልትዘነጋ አይገባም። መኖ ሳይዘጋጅ የሚታወጅ ክልከላ ከብቱን ከቀን ወደ ሌሊት ያዞረዋል እንጂ አያስቀረውም።

አጥር ብቻውን እንደማይበቃ የሌላው ዓለም ታሪክም ያሳያል። በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች ከብት በሰፊው ሜዳ በነፃ ይሰማራ ስለነበር የማጠሩ ግዴታ በገበሬው ላይ ነበር። እንጨት በሌለበት አገር ይህ ከባድ ዕዳ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 የኢሊኖይ ገበሬ ጆሴፍ ግሊደን እሾሃም ሽቦውን በስሙ አስመዘገበ፤ ሽቦው በጥቂት ዓመታት ሜዳውን ሸፈነው። ጠቡ ግን አልቀረም። በ1883 በቴክሳስ ግጦሽና ውሃ የተዘጋባቸው ሰዎች በሌሊት ሽቦ እየቆረጡ ነፍስ እስከ መጠፋፋት ደረሱ። ከአጥሩ ውጭ የቀረው ከብት የሚበላውና የሚጠጣው ካላገኘ አጥሩ አይከበርም።

ስለዚህ ጥበቃው የሚጀምረው ከባለ ከብቱ በረት ነው። የፎገራ ሜዳና የደራ ሩዝ አብቃይ ቀበሌዎች በመኖ ረገድ ድሃ አይደሉም፤ የሩዝ ገለባ አላቸው። ችግሩ ገለባው ማሳ ላይ ተበትኖ መቅረቱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሲወቃ ወዲያው ወደ ቤት ተጓጉዞ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ተከምሮ አናቱ ቢከደን እስከ ሰኔ ይቆያል። የሩዝ ገለባ ብቻውን ደረቅና ኃይል የሌለው በመሆኑ ከጓያ ወይም ከሽምብራ ገለባ ጋር ተቀላቅሎ ቢሰጥ ይሻላል። ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ሲጨመርበት የሚታለብ ላም ወተቷን አታቋርጥም። ፋጉሎውን በጅምላ ገዝቶ ለአባላት ማድረስ ደግሞ ዩኒየኑና መሠረታዊ ማኅበራቱ ሊሠሩት የሚገባ ነው፤ ማዳበሪያ የሚያመላልስ መኪና ፋጉሎ ማመላለስ አያቅተውም።

ገለባን በዩሪያ ማከምም የታወቀ ዘዴ ነው። ለ100 ኪሎ ገለባ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውሃ ውስጥ በደንብ ሟሙቶ ይረጭበታል። ከዚያ ገለባው በጉድጓድ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ አየር እንዳይገባው በላስቲክ ታፍኖ 21 ቀን ያህል ይቆያል። ሲከፈት ሽታው እስኪቀንስ ይናፈስና ከብቱ ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ዩሪያ መርዝ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። ያልሟሟ ዩሪያ የላሰ በሬ ሊሞት ይችላል፤ ገና ማመንዠክ ላልጀመረ ጥጃም የታከመ ገለባ አይሰጥም።

«ግጦሹ እያለ ምን አደከመኝ?» የሚል ባለ ከብት ግጦሹን ሄዶ ይመልከት። ከሩዝ ማሳ የተረፈውን ሜዳ በብዙ ቦታ አሜኬላ ይዞታል፤ ከብት የማይነካው እሾሃም አረም ነው። ደግሞም ከብት ሰው ማሳ ሲገባ የሚጎዳው ባለ ማሳው ብቻ አይደለም። በባዶ ሆዷ ጠዋት እርጥብ ጓያ ውስጥ የገባች ላም ሆዷ ሊነፋ ይችላል። ሽንኩርት አብዝቶ የበላ ከብት ደሙ ይጎዳል፤ ሽንቱ ሲቀላና ሲደክም ባለቤቱ ሌላ በሽታ ይመስለዋል።

በደቡብ ኢትዮጵያ ኮንሶዎች ከብታቸውን እቤት አስረው እያጨዱ ሲመግቡ ኖረዋል፤ ልቅ ቢለቁት የድንጋይ እርከናቸው ይፈርስ ነበር። ያ እርከን በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በኮንሶ ድንጋያማ ተራራ የተቻለ ነገር በጉማራ ዳር አይቻልም ማለት ያስቸግራል።

ይህ ሁሉ ተባለ እንጂ አጥር አያስፈልግም ማለት አይደለም። በአካባቢው በብዛት የሚታየው የእሾህ ቅርንጫፍ አጥር በየዓመቱ ግራር ያስጨፈጭፋል፤ ምስጥ ይበላዋል፣ የቀረውን ማገዶ የቸገረው ይወስደዋል። የሚያዋጣው ሕያው አጥር ነው። ቅንጭብ ቁራጩ በቀላሉ ይይዛል፤ ከመተከሉ በፊት የተቆረጠው አፉ ቀናት ያህል ጥላ ሥር ይድረቅ። ወተቱ ዓይን ስለሚጎዳ ሲቆረጥ ልጆች ባይኖሩ ይመረጣል። ሰንሰል፣ በሌላ ስሙ ስሚዛ፣ ከብት እምብዛም ስለማይወደው በክረምት መግቢያ በቅርብ በቅርብ ቢተከል ጥሩ ግድግዳ ይሆናል። አጋምና ቀጋ አዝግመው ያድጋሉ፤ ካደጉ በኋላ ግን ፍየል እንኳ አታልፋቸውም። ሰስፓኒያና ዝሆን ሣር መኖ ስለሆኑ የሚተከሉት ከአጥሩ በስተውስጥ ነው፤ በውጭ መስመር የተተከለ ሰስፓኒያ የጎረቤት ፍየል መጥሪያ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ አጥሩ ደህና ሆኖ ከብቱ የሚገባው ልጆች ወደ ውሃ በሚሾልኩባት ቀዳዳ ወይም በማይዘጋ በር ነው።

ለማንጎ ችግኝ እስኪጠነክር ድረስ ለየብቻው የድንጋይ ወይም የቀርከሃ ከለላ ይደረግለት። እበት በውሃ በጥብጦ ቅጠሉ ላይ መቀባትም ከብቱን ያርቃል፤ ዝናብ ሲያጥበው ግን መድገም ግድ ነው፤ ለሚበላ ቅጠልም አይሆንም። የዶሮ ነገር ቀላል ነው። የዘር መደቡ እስኪበቅል በእሾህ ወይም በመረብ ይሸፈን፤ ዶሮዎቹም በጠዋት ጥራጥሬ ቀምሰው ቢለቀቁ አፈር ለመጫር ያን ያህል አይቸኩሉም።

ከአጥርና ከመኖ ቀጥሎ ካሳው ይመጣል፤ ብዙ የቀበሌ ደንቦች የሚሰናከሉት በዚህ ነው። ጥፋቱ በዕለቱ ካልተገመተ በማግሥቱ ባለ ማሳው ያበዛዋል፣ ባለ ከብቱ ያሳንሰዋል። ገማቾች አስቀድሞ ይመረጡ፤ የተረገጠውን መደብ በእርምጃ ይለኩ፣ የተነቀለውን ይቁጠሩ። ጎረቤት ለጎረቤት «አያ፣ ከብትዎ ገብቶብኛልና መጥተው ይዩልኝ» ብሎ ልኮ፣ ያም መጥቶ አብሮ ካየ ግማሹ ጠብ እዚያው ያልቃል። ካሳው ለተጎዳው ይሰጥ፤ ቅጣት ካለም በደረሰኝ ወደ ቀበሌው ሣንዱቅ ይግባ። የሊቀመንበሩ ወይም የአንድ ሹም በሬ ገብቶ ሳይቀጣ ካለፈ ደንቡ የድሃ ላም ማሰሪያ ብቻ ይሆናል፤ ይህን ኃላፊዎቹ ራሳቸው ያውቁታል።

የድሃዋ ላም ነገር በተለይ መታሰብ አለበት። መሬቷን ለእኩል ሰጥታ የምትኖር ባል የሞተባት ሴት ወይም መሬት ያልደረሰው ወጣት ገለባ የለውም። ልቅ ግጦሽ ሲዘጋ ላሙን ከመሸጥ ሌላ ምርጫ አይኖረውም። የገለባ ድርሻ በእኩል ውሉ ውስጥ ቢጻፍ፣ የተከለለው የወል ሣር ሲታጨድም በእጣ ቢከፋፈል ክልከላውን ከሚጠብቁት ሰዎች አንዷ እሷ ትሆናለች። አለዚያ በሌሊት የምትለቅ እሷ ናት፤ ለምን ለቀቅሽ ማለትም ይከብዳል።

የቀረው የወሰን ጉዳይ ነው። ጉማራ ደራንና ፎገራን ይለያል እንጂ ከብቱን አይለይም። በበጋ ከከፍታው ወደ ሜዳው የሚወርደው መንጋ የሌላ ቀበሌ፣ አንዳንዴም የሌላ ወረዳ ነው፤ አንድ ቀበሌ ብቻውን ያወጣው ደንብ ያን እረኛ አያስረውም። በመሆኑም በወንዙ ግራና ቀኝ ያሉ ቀበሌዎች፣ ከብታቸው የሚወርድ የከፍታው ቀበሌዎችም ጭምር፣ ከኅዳር ሚካኤል በፊት አንድ ላይ ይቀመጡ። የትኛው ሜዳ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚከፈት፣ የትኛው የመስኖ ማሳ ጨርሶ እንደማይነካ፣ ከብቱ ወደ ውሃ የሚወርድበት መንገድም በየት በኩል እንደሚተው ይወስኑ። የውሃው መንገድ በቅድሚያ ይያዝ፤ መንገዱ በሽንኩርት ከተያዘ ከብቱ በሽንኩርቱ ላይ ማለፉ አይቀርም።