ለንብም ለገበያም የሚሆን ማሳ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኑግ ነው። «ኑግን ደግሞ ማን ያጣዋል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ታውቁታላችሁ። ነገር ግን የጤፍና የስንዴ ዋጋ ደህና ሲሆን ቶሎ የምንተወው ኑጉን ነው። አብሮት ምን እንደሚሄድ አናስበውም።

የኑግ አበባ በራሱ ብናኝ ፍሬ አይዝም። ብናኙ ከሌላ የኑግ ተክል መምጣት አለበት። ይህን የምታመላልሰው ንብ ናት። የቀፎ ንብ ብቻ አይደለችም፤ በዛፍ ሽንቁርና በገደል የምትኖረው የዱር ንብም ጭምር ናት። ንብ በጠፋበት አገር ኑጉ ያብባል፣ ፍሬው ግን ያንሳል።

ንቧም ብትሆን ኑጉን ትፈልገዋለች። ክረምቱን ዝናብ አላስወጣ ብሏት ያላትን ማር ስትበላ ትከርማለች። መስከረም ሲጠባ አደይ ይፈነዳል፣ ኑጉም ይከተላል። በጥቅምትና በኅዳር በምንቆርጠው ማር ውስጥ የኑግ አበባ አለበት።

እንግዲህ ከአንድ ማሳ ስንት ነገር ወጣ? ፍሬው ለገበያ ነው፤ ከክብደቱ ከመቶ ከ30 እስከ 40 ያህሉ ዘይት ነው። ፋጉሎው ለከብት ነው። በዓመቱ በዚያው ቦታ ስንዴ ቢዘሩ አረሙ ይቀንሳል።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። የአገራችን ኑግ እስከ አሜሪካ ተሽጦ ይሄዳል። እዚያ የሚበላው ሰው አይደለም፣ የዱር ወፍ ነው! ሰዎቹ ኑጉን ደጃቸው ላይ ይሰቅላሉ፤ ትንንሽ ቢጫ ወፎች መጥተው ይለቅሙታል። እኛ ወፍ በወንጭፍ እናባርራለን፣ እነሱ ገንዘብ ከፍለው ይጠራሉ።

ኑግ መሬት አያማርጥም። ውሃ የሚተኛበትን መሬት እንኳ ይችላል። ለአንድ ጥማድ፣ ማለት ለሩብ ሄክታር፣ ሁለት ኪሎ ያህል ዘር ይበቃል። ጨርሶ እስኪደርቅ አትጠብቁ፣ ይረግፋል። ገና ቢጫነት ሳለው አጭዳችሁ አድርቁት።

ትልቁ ጉዳይ መድኃኒቱ ነው። ለጤፍና ለስንዴ የምንረጨው ቱ ፎር ዲ የሚባለው አረም ማጥፊያ ኑጉን ይገድለዋል። የተባይ መድኃኒት ደግሞ ንቧን ይፈጃል። ሰብሉ አበባ ላይ ሳለ በቀን የረጨ ሰው የጎረቤቱን ቀፎ ባዶ ያስቀራል። ባለ ቀፎው ሲመጣ ንቡን ከቀፎው ሥር ረግፎ ያገኘዋል። ጠብ ከዚህ ይመጣል። የረጨው «በገዛ ማሳዬ ነው» ይላል። ልክ ነው፤ ንብ ግን ድንበር አታውቅም።

ስለዚህ አበባ ላይ ያለ ሰብል አትርጩ። ግድ ከሆነም ንቧ ከገባች በኋላ፣ ማታ ይሁን። ቀደም ብላችሁም ለባለ ቀፎው ንገሩት፣ ቀፎውን ያርቅ።

በዚህ መንደር ማን ቀፎ እንዳለው፣ ማን እንደሚረጭ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሁለቱም ወገን ዛሬ እዚህ ተቀምጧል። ሳትነሡ ቀኑን ተነጋገሩበት። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።