የተዋጠ ምስማርና የተቋረጠ መድኃኒት



በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ዶክተር ዳዊት ተዓረ ከአንድ የ33 ዓመት ሰው ጨጓራ 122 ምስማሮች አወጡ። እያንዳንዱ ምስማር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። ከዚህም ሌላ አራት ስፒሎች፣ የጥርስ መጎርጎሪያና የመስተዋት ስብርባሪ ተገኙ። ወሬው በዓለም ጋዜጦች ሲዞር አንባቢን ያስደነቀው ቁጥሩ ነበር። የሕክምና ባለሙያን ሊያሳስበው የሚገባው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ሰውየው ለ10 ዓመታት በአእምሮ ሕመም ሲሠቃይ የቆየና መድኃኒቱን ካቋረጠ 2 ዓመት የሆነው መሆኑ ነው።

ነገሩ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ጆሴፍ ከተማ ከነበረች አንዲት የአእምሮ ሕመምተኛ ሆድ 1,446 ዕቃዎች ወጥተዋል፤ ከእነዚህም 453ቱ ምስማሮች ነበሩ። ሴትዮዋ ከቀዶ ሕክምናው አልተረፈችም። የአዲስ አበባው ታማሚ ግን ድኗል። ሐኪሙም ምስማሮቹ ጨጓራውን ሳይበሱት መቅረታቸውን እንደ ታላቅ ዕድል ቆጥረውታል።

እንዲህ ያለው ታማሚ የሚውጠው ስለ ብዙ ምክንያት ነው። አንዱን የሌለ ድምፅ ያዘዋል፤ ሌላው በሐሰት እምነት ተይዞ ይውጣል፤ ሌላውም ራሱን ሊጎዳ ያስባል። ምክንያቱን የማይናገርም አለ። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባላል፤ በእነዚህ ሕሙማን ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ሆድ ያባውን የሚያወጣው ራጅ ነው። ራጅም ቢሆን ብረትን እንጂ እንጨትንና ፕላስቲክን አጥርቶ አያሳይም። ስለሆነም የአእምሮ ሕመምተኛ ምግብ ሲጠላ፣ ሲያስመልሰው ወይም ሆዱን ሲይዝ «እብደቱ ነው» ብሎ ማለፍ ከባድ ስሕተት ነው።

ከሚዋጡ ባዕድ ነገሮች አብዛኞቹ በራሳቸው መንገድ ይወጣሉ። ርዝመቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ግን ከጨጓራ ለማለፍ ይቸገራል። ስለታም ነገር አንጀት ሊበሳ ይችላል። በጉሮሮ ቧንቧ የተቀረቀረ የሰዓት ባትሪም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋ ሊያቃጥል ይችላል። እንዲህ ያለውን ታማሚ እንዲያስመልሰው ማስገደድ፣ ወይም እንዲወርድለት ተብሎ እንጀራና ዳቦ ማጉረስ ጉዳት ያመጣል። የሚበጀው ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መላክ ነው።

ዳሩ ግን ቀዶ ሕክምና የታሪኩ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። በይፋት ቆላ የምትገኘውን ጀውሃን እንውሰድ። ከዚያ የሚነሣ ታማሚ፣ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ወደነበረው ወደ አማኑኤል ለመድረስ ሸዋ ሮቢትን አልፎ፣ የጣርማበርን ዳገት ወጥቶ፣ በደብረ ብርሃን በኩል ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። መድኃኒቱ ርካሽ ቢሆን እንኳ ለራሱና ለአስታማሚው የሚወጣው የመኪና ኪራይ፣ የሚታጎለውም የእርሻ ሥራ ርካሽ አይደለም። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ደግሞ በአንድ መንገድ ላይ የተንጠለጠለ ሕክምና ምን ያህል የሳሳ እንደሆነ ታይቷል።

ስለዚህ የአእምሮ መድኃኒት በቅርቡ ጤና ጣቢያ ሳይቋረጥ መገኘት አለበት። ለዚህም የሚያስፈልገው ሥራ የረቀቀ አይደለም። በቀጠሮው ቀን የቀረ ታማሚ በመዝገብ ተለይቶ ቤቱ ድረስ ይጠየቅ። ክኒን መዋጥ ለሚከብደው በየወሩ የሚወጋው መርፌ ይታሰብለት። ጠበል የሚጠመቅ ቢሆንም መድኃኒቱን እንዳያቆም ከቤተሰቡና ከካህናቱ ጋር በአክብሮት ይመከር። ከቀዶ ሕክምና የዳነውም ቁስሉ ስለሻረ ብቻ ወደ ቤቱ አይሸኝ፤ ከአእምሮ ሐኪም ጋር ሳይገናኝ የሄደ ታማሚ ዳግመኛ ሊውጥ ይችላልና።

122 ምስማሮችን ያወጣ እጅ ምስጋና ይገባዋል። ይሁንና ከዚያ በፊት በነበሩት 2 ዓመታት ሰውየውን «መድኃኒትህን ለምን አቆምህ?» ብሎ የሚጠይቀው ቢያገኝ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ምስማር ከሱቅ መደርደሪያ ባልተነሣም ነበር።