የቦሌ ለሚ ፋብሪካዎችና የሠራተኞቻቸው ዕድል
(በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ሩቅ አገር ነገር አይደለም፤ ከጎሮ ወዲያ ስላለው ስለ ቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። መንግሥት ይህን ስፍራ በ2006 ዓ.ም. ሲከፍት አሳቡ የውጭ ባለሀብቶች ልብስና ጫማ እየሠሩ ወደ ውጭ እንዲልኩ፣ ወጣቱም እንጀራ እንዲያገኝ ነበር። አሳቡ በጎ ነው። መንገዱና አዳራሹ በመንግሥት በኩል ተሰናድቶ ጠበቃቸው። ባለሀብቱን የሳቡት ግን ከሁሉ ይልቅ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ይኸውም የሠራተኛችን ደመወዝ ማነስና፣ አሜሪካ በ1992 ዓ.ም. ባወጣችው አጎአ በሚባለው ሕግ መሠረት ልብሳችን ያለ ቀረጥ መግባቱ ነው።

ስለ ደመወዙ ጥቂት እንቆይ። ከቦሌ ለሚ በኋላ ስለ ተከፈተው የሐዋሳ ፓርክ አንድ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በ2011 ዓ.ም. እንደ ገለጠው፣ የአንዲት ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ከገጠር የመጣች ልጅ ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ ከፍላ ምን ልታስቀምጥ ትችላለች? በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን ቦርድ በደንብ እንዲቋቋም ደነገገ፤ ይሁን እንጂ ደንቡ ሳይወጣ 2014 ዓ.ም. ደረሰ።

በሰሜን በተነሣው ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችንን ከአጎአ አስወጣች። ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው የጥጥ ካናቴራ ከመቶ 16 ተኩል፣ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራውም ከመቶ 32 ይከፈልበት ጀመር። ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያማ ቀኑ ሳይደርስ፣ በኅዳር፣ የሐዋሳ ፋብሪካውን ለመዝጋት ወሰነ። ገዢዎች ትእዛዛቸውን ወደ ሌላ አገር ሲያዞሩ አንዳንዱ ፋብሪካ ሠራተኛ ቀነሰ፣ አንዳንዱም በሩን ዘጋ። ጦርነቱን ያነሡት ልብስ ሰፊዎቹ አልነበሩም።

በዚያው ዓመት መንግሥት የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርን አቋቋመ፤ «ኢትዮጵያ ታምርት» የተባለውንም ንቅናቄ ጀመረ። በሌላ በኩል ሠራተኛ ወደ ዐረብ አገር መላክ ራሱ ከሥራ ማስገኛ መንገዶች አንዱ ሆኖ ተቆጠረ። ይህ ለእኛ አይገባንም። ኮሌታ መግጠምና ኪስ መስፋት ስንት ወር ለፍታ የተማረች ልጅ ሪያድ ሄዳ ወለል ስታጥብ፣ እጇ የለመደው ሙያ ይጠፋል፤ ነገ ፋብሪካው ቢከፈት ሌላዋን እንደገና ከሀ ሁ ማስተማር ነው። የደመወዙ ደንብ በጊዜው ወጥቶ፣ ሥራ ያጣም ሌላ እስኪያገኝ የሚደጎምበት መድን ተቋቁሞ ቢሆን ኖሮ፣ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ጎሮ ላይ ቆይተው ሁለተኛውን ቀጣሪ መጠበቅ በቻሉ ነበር።