አሮጌ ቮልስ ለመግዛት
(ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል በነበረን የአባላት ውሎ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፤

ዕቁብ የደረሳት አንዷ አባላችን “አሮጌ ቮልስ ልግዛ ወይ?” ብላ ጠይቃኛለች። መልሱ ሁላችንንም ይጠቅማል።

ቮልስ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእሱ ነበር። ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌ መኪናም ይፈለጋል።

ቀለሙ ግን አያታልለን። ማግኔት ይዘን እንሂድ፤ ላሜራው ላይ ካልያዘ ከሥሩ ስቱኮ አለ። የኋላ ወንበሩንም እናንሳ፤ ባትሪው እዚያ ስለሚቀመጥ ዝገት ወለሉን የሚበላው ብዙ ጊዜ ከዚያ ጀምሮ ነው። ሙከራው ሜዳ ላይ ሳይሆን ዛሬ ወደዚህ እንደወጣንበት ባለ ዳገት ይሁን።

ከሁሉ በፊት ወረቀቱ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ይመሳከር። ዕዳና እገዳ አለመኖሩ ሳይጣራ ቀብድ አይሰጥ። ውሉ ደላላ ቤት ሳይሆን ውልና ማስረጃ ይፈረም። መኪናው የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ከሆነ በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ሚስት ሳታውቅ የተሸጠ መኪና ነገ ክስ ያመጣብናል፤ እሷም እንደ እኛ ሴት ናት።

በመጨረሻ፣ ዕቁቡን በሙሉ ለሻጩ አንስጥ። ለስም ማዛወሪያ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለጎማና ለጋራዥ የሚሆነውን አስቀድመን እንቀንስ። መኪናውን የምንገዛው በቀሪው ነው። ሊብሬውም በራሳችን ስም ይዙር።